መልኩ የማን ነው? ስለ ተመሳሳይ ጠመንጃዎችና ሽጉጦች የተደረጉ ሙግቶች ዳሰሳ

አያቶቻችን ጠመንጃን በስሙ ነበር የሚያውቁት። ስናድር፣ አልቤን፣ ውጅግራ፣ ምንሽር፣ ቤልጅግ ይሉት ነበር። ስሞቹ ዛሬ የእኛው ቃል ይምሰሉ እንጂ የመጡበትን ቤት ይዘው የመጡ ናቸው። ስናድር ከስናይደር፣ ውጅግራ ከፈረንሳዩ «ፉዚ ግራ»፣ ቤልጅግ ደግሞ ከአገሩ ከቤልጅየም ስም ተወስዷል። መሣሪያ የለመደ ሰው ግን ስም እስኪነገረው አይጠብቅም። የሰደፉን ጉብጠት፣ የአፈሙዙን ርዝመት፣ የቃታውን አቀማመጥ አይቶ ከሩቁ «ይኼ ምንሽር ነው» ይላል። መልኩ ሠሪውን ነገረው ማለት ነው።

የአሜሪካ ሕግ አንድ ዕቃ በመልኩ ብቻ ሠሪውን ሲናገር ያንን መልክ «ትሬድ ድረስ» ይለዋል። በአማርኛ የንግድ ገጽታ ብንለው ይስማማዋል። የንግድ ገጽታ ያለው አምራች፣ ሌላው ያንኑ መልክ አስመስሎ ገዢ እንዳያሳስት በፍርድ ቤት ሊያስቆመው ይችላል። ጥበቃው እንደ ፓተንት የጊዜ ገደብ የለውም፤ መልኩ ሠሪውን መናገሩን እስካላቆመ ድረስ ይቆያል። በዚህ ምክንያት ታላላቆቹ የጦር መሣሪያ ኩባንያዎች ላለፉት ጥቂት አሥርት ዓመታት በመልክ ጉዳይ ሲካሰሱ ኖረዋል። ይህ ጽሑፍ ሙግቶቹን ከመነሻቸው እስከ ቅርቡ ይዳስሳል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዳኞቹ በየመዝገቡ የጠየቁት በመሠረቱ አንድ ጥያቄ ነው። ይህ ቅርጽ የሚናገረው ስለ ሠሪው ነው ወይስ ስለ ሥራው? ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ መልሱም ከዘመን ወደ ዘመን እየጠራ መጥቷል። ነገር ግን የመሣሪያ መልክ ከእነዚህ ከሁለቱ ሌላም የሚናገረው ነገር አለ። ያንን ለመስማት ሕጉ ዘግይቷል ብዬ አምናለሁ።

ሁሉም በፓተንት ይለካ በነበረበት ዘመን

የመጀመሪያዎቹ ሙግቶች ስለ መልክ አልነበሩም። ሳሙኤል ኮልት በ1836 በአሜሪካ የሪቮልቨር ፓተንት አገኘ። ማሳቹሴትስ አርምስ የተባለው ኩባንያ ተመሳሳይ አሠራር ያለው ሽጉጥ ሲያወጣ ኮልት ከሰሰው፤ በ1851ም ቦስተን ላይ ረታ። ክርክሩ ጥይት የሚጎርሰው ጎተራ እንዴት እንደሚዞርና እንዴት እንደሚቆለፍ እንጂ ሽጉጡ ምን እንደሚመስል አልነበረም።

ሮሊን ኋይት በ1855 ያገኘው ፓተንትም እንዲሁ ስለ አሠራር ነበር። ጎተራው ከኋላ እስከ ፊት የተበሳ ስለሆነ ጥይት በኋላ በኩል ይጎርሳል። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በዚህ ፓተንት ለመሥራት ለኋይት በአንድ ሽጉጥ 25 ሳንቲም ይከፍለው ነበር። ፓተንቱን ከወራሪ የመከላከሉ ሸክም ግን በውሉ መሠረት በኋይት ጫንቃ ላይ ወደቀ። ያገኘው ገንዘብ በክስ ወጪ እያለቀ ኖረ። በ1869 ፓተንቱ ሲያበቃ በሩ ለሁሉም ተከፈተ።

ያ ዘመን ያስተማረው ፓተንት ሲያልቅ ዕቃው የሕዝብ መሆኑን ነው። የጆን ብራውኒንግ ዝነኛ ሽጉጥ፣ የአሜሪካ ጦር በ1911 የተቀበለው፣ ዛሬ በብዙ አገር ብዙ ፋብሪካ ይሠራዋል፤ ገበያው ቅርጹን «1911» ብሎ በዓመቱ ይጠራዋል እንጂ ለአንድ ቤት አይሰጠውም። የቼኮዝሎቫኪያው ሲ ዜድ 75 ደግሞ ከዚህ የባሰ ዕጣ ገጠመው። የነደፈው ፍራንቲሼክ ኮውትስኪ ነው። የፓተንት ወረቀቱ በአገሩ ምስጢር ሆኖ ስለተያዘ በውጭ አገር ጥበቃ ሊጠየቅበት አልተቻለም። የጣሊያኑ ታንፎሊዮ ቀዳው፤ የእስራኤሉ ጄሪኮ ሽጉጥም ከዚሁ ዘር ወጣ። ከብረት መጋረጃው ወዲያ የተነደፈ ሽጉጥ ወዲህ በብዙ ስም ሲሸጥ፣ ነዳፊውና ፋብሪካው የሚከሱበት ወረቀት አልነበራቸውም።

አስመስሎ መሥራት ሁሉ ግን መንጠቅ አይደለም። የብራዚሉ ታውረስ የሚሸጠው ፒ ቲ 92 ከጣሊያኑ ቤሬታ 92 ጋር ወንድማማች ይመስላል፤ ምክንያቱም ቤሬታ ሳኦ ፓውሎ የነበረውን ፋብሪካውን በ1980 ለታውረስ ሸጦለታል። መልኩ በሽያጭ ተላለፈ እንጂ አልተሰረቀም።

ሕጉ ስለ መልክ ማሰብ ሲጀምር

የአሜሪካው የላንሃም ሕግ በ1946 ጸደቀ። አንቀጽ 43(ሀ) ባልተመዘገበ ምልክትም ቢሆን ገዢን ስለ ዕቃው ምንጭ ማሳሳትን ይከለክላል። ይህ አንቀጽ የንግድ ገጽታ ክሶች ሁሉ ምሰሶ ለመሆን ግን ዓመታት ወስዶበታል። እንዲያውም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1964 በአንድ የመብራት ክርክር፣ ፓተንት የሌለውን ዕቃ ክልሎች በራሳቸው የፉክክር ሕግ ከመቀዳት ሊከለክሉ እንደማይችሉ ወስኖ ነበር። ከዚያ በኋላ የመልክ ጥበቃ ፈላጊ ወደ ፌዴራሉ ሕግ ዞረ።

የጦር መሣሪያ ኢንዱስትሪ በዚህ መንገድ ያገኘው ጎልቶ የሚታይ ድል የስተርም ሩገር ነው። ዊልያም ሩገርና አሌክሳንደር ስተርም ኩባንያቸውን በ1949 በኮኔክቲከት የጀመሩት በ50,000 ዶላር ነበር። የመጀመሪያ ምርታቸው ባለ .22 ጥይት ሽጉጥ ሲሆን ዋጋው 37 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር። ያ ሽጉጥ ራሱ አባት የሌለው አልነበረም። ሩገር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እጁ የገባ የጃፓን ናምቡ ሽጉጥ ነበረው፤ አሠራሩን በጋራዡ አጥንቶበታል። ወደ ኋላ ያዘነበለው እጀታና ቀጭኑ አፈሙዝ ደግሞ የጀርመኑን ሉገር ያስታውሳል። ይህ ቅርጽ በ1982 ማርክ 2 ተብሎ ተሻሽሎ ወጣ።

በካሊፎርኒያ የነበረው አርካዲያ ማሽን ኤንድ ቱል፣ በአጭሩ ኤ ኤም ቲ፣ ላይትኒንግ የተባለ ባለ .22 ሽጉጥ አወጣ። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ምን ያያል? የእጀታው ዘንበል ማለት ያው ነው። ክቡ የብረት ቱቦ ከኋላ እስከ ፊት ሳይቋረጥ ይሄዳል። ከኋላው ብቅ የሚሉት ጣት መያዣዎችም ቦታቸው አንድ ነው። ላይትኒንግ ከማይዝግ ብረት ተሠርቶ ያብረቀርቃል፤ ጥላው ግድግዳ ላይ ቢያርፍ ግን የሩገር ጥላ ነው። በ1988 የካሊፎርኒያ ማዕከላዊ ወረዳ የፌዴራል ፍርድ ቤት ለሩገር ፈረደ። እንዲህ ያለ ሽጉጥ በሌላ ቅርጽም ሊሠራ እየቻለ ተከሳሹ ያንኑ ጥላ መምረጡ፣ ሩገር ባለፉት አርባ ዓመታት ያፈራውን መታወቅ መጋራት ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ሩገር ራሱ ከናምቡና ከሉገር ተምሮ የለም ወይ? አዎ፤ ተምሯል። የንግድ ገጽታ ሕግ ግን ቀድሞ ማን ፈጠረው ብሎ አይጠይቅም። ዛሬ ገዢው ይህን መልክ ሲያይ ማን ትዝ ይለዋል ነው የሚለው። በ1980ዎቹ የአሜሪካ ተኳሽ ያንን ጥላ ሲያይ ትዝ የሚለው ሩገር ነበር።

ፕላስቲኩ ሽጉጥና «ስዎክ»

የኦስትሪያው ጋስተን ግሎክ ግሎክ 17ን ሲያወጣ ዓመቱ 1982 ነበር። አካሉ ከፖሊመር የተሠራ፣ አራት ማዕዘን፣ ጌጥ የለሽ ሽጉጥ ነው። በአሥር ዓመት ውስጥ የአሜሪካ ፖሊስን ገበያ አጥለቀለቀው። ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ የፖሊስ ሽጉጥ ሲሸጥ የኖረው ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በ1994 ሲግማ የተባለውን ፖሊመር ሽጉጥ ይዞ ብቅ አለ። መልኩም አሠራሩም ግሎክን ስለሚያስታውስ ተኳሾች የሁለቱን ስም አጋብተው «ስዎክ» ብለው ጠሩት።

ግሎክ በዚያው ዓመት ከሰሰ። የክሱ አከርካሪ ፓተንት ነበር፤ የምላጩና የመተኮሻው አሠራር። በ1997 ሁለቱ ወገኖች ሲስማሙ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ይፋ ያልተደረገ ገንዘብ ከፈለ፤ የሲግማን አሠራርም ለመለወጥ ተስማማ። ክርክሩ እስከ ፍርድ ስላልዘለቀ የግሎክ አራት ማዕዘን መልክ በሕግ ፊት ምን ያህል የግሎክ እንደሆነ አልተፈተነም።

ከዚያ ወዲህ የግሎክ የመጀመሪያዎቹ ፓተንቶች አለቁ። በ2020ዎቹ መጀመሪያ የሦስተኛውን ትውልድ ግሎክ የሚመስሉና ዕቃቸው ከግሎክ ጋር የሚለዋወጥ ሽጉጦች ገበያውን ሞሉት፤ የፓልሜቶ ስቴት አርሞሪው ዳገር ከሁሉም ይታወቃል። የግሎክ ባለቤት የሆነ ሰው ማሻሻያ ዕቃ ሲገዛ የማን ፋብሪካ እንደሆነ ሳያስብ «ለግሎክ የሚሆን» ብሎ ይጠይቃል። ይህ አባባል ለኩባንያው ክብርም አደጋም ነው። አደጋነቱን ወደ ታች ከኮልት መዝገብ እናያለን።

ሚዛኑን የለወጡ ሁለት ፍርዶች

በ2000 እና በ2001 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከጠመንጃ ጋር ምንም ግንኙነት በሌላቸው ሁለት ጉዳዮች ፈረደ። የመጀመሪያው ዎልማርት የሸጠው የሕፃናት ልብስ ነበር። ፍርድ ቤቱ የዕቃ ንድፍ በተፈጥሮው ሠሪውን አይናገርም፤ ስለዚህ ከሳሹ ገዢው በጊዜ ብዛት ንድፉን ከእሱ ጋር ማያያዙን በማስረጃ ማሳየት አለበት አለ። ሁለተኛው በነፋስ የማይወድቅ የመንገድ ምልክት ማቆሚያ ነበር። በዚህኛው ደግሞ ያለቀ ፓተንት ካለ፣ ያ ቅርጽ ለሥራው የሚጠቅም ለመሆኑ ብርቱ ማስረጃ ነው ተባለ። ለሥራ የሚጠቅም ቅርጽ በንግድ ገጽታ አይጠበቅም።

እነዚህ ሁለት ፍርዶች በጦር መሣሪያ ላይ ሲያርፉ ክብደታቸው ይጨምራል። ጠመንጃ ጌጥ ብሎ የተሸከመው ነገር ትንሽ ነው። ሰደፉ ለትከሻ፣ እጀታው ለመዳፍ፣ ማነጣጠሪያው ለዓይን፣ ቀዳዳው ሙቀት ለማስወጣት ነው። አብዛኛው ክፍል አንድ ቀን በአንድ ፓተንት ውስጥ ተጽፏል። መልኩን የራሱ ለማድረግ የሚሻ አምራች መጀመሪያ ለሥራ የሚጠቅመውን ሁሉ ቀንሶ፣ የቀረውን ይዞ መቅረብ አለበት።

ኮልት በቡሽማስተር ላይ፦ ስም ሲበዛበት

የዚህ ዳሰሳ ማዕከል ይህ መዝገብ ነው። ኮልት የኤ አር 15ን መብት በ1959 ከአርማላይት ገዛ። ከዚያ የተወለደው ኤም 16 የአሜሪካ ጦር ጠመንጃ ሆነ፤ በ1994 ደግሞ አጭሩ ኤም 4 ተከተለ። ሜይን ግዛት ውስጥ የነበረው ቡሽማስተር ይህንኑ የሚመስሉ ጠመንጃዎች ሠርቶ «ኤም 4» በሚል ስም ሸጠ። ኮልት በ2004 ክስ መሠረተ። ስሙ የእኔ ነው፤ መልኩም የእኔ ነው አለ።

ኤም 4ን ቀረብ ብሎ ላየ ሰው አንድ ምልክት ወዲያው ዓይኑን ይይዛል። አፈሙዙ መሐል ላይ በድንገት ይቀጥንና እንደገና ይወፍራል። ያ ቅጥነት የተበጀው ከሥሩ የቦምብ መወርወሪያ እንዲታሰርበት ነው። ለሲቪል በሚሸጠው ጠመንጃ ላይ ግን መወርወሪያ የሚያስር ገዢ የለም ማለት ይቻላል፤ ቅጥነቱ የሚቆረጠው ጠመንጃው የወታደር እንዲመስል ነው። ለሥራ የተወለደ ቅርጽ፣ ሥራው በሌለበት መልክ ሆኖ ቀረ። ይህን ነገር አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

የሜይኑ ፍርድ ቤት ለቡሽማስተር ፈረደ፤ የመጀመሪያው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤትም በ2007 አጸናው። በስሙ ጉዳይ «ኤም 4» የአንድ ኩባንያ ስም መሆኑ ቀርቶ የጠመንጃ ዓይነት መጠሪያ ሆኗል ተባለ። የኮልት የምልክት ምዝገባም ተሰረዘ። በመልኩ ጉዳይ ደግሞ ኮልት ለሥራ ከሚጠቅመው ውጪ የቀረው ቅርጽ በገዢው አእምሮ ኮልትን ብቻ እንደሚያስታውስ ማሳየት አልቻለም።

ለእኛ ይህ ፍርድ እንግዳ አይደለም። ከሶቪየት ይምጣ፣ ከቻይና ይምጣ፣ ከሮማኒያ ይምጣ፣ በአማርኛ ሁሉም ክላሽ ነው። ክላሽ ሲባል የሚታየን ሚካኢል ካላሽኒኮቭ ወይም የኢዝሄቭስክ ፋብሪካ አይደለም፤ የታጠፈው የጥይት መያዣና ያ ቅርጽ ነው። ቤልጅግ ምንጩን እንደያዘ ቀረ፤ ክላሽ ግን ከምንጩ ተፋትቶ የዓይነት ስም ሆነ። ኮልትም የገጠመው ይኸው ነው። መንግሥት የዓይነት ስም ሰጥቶ፣ ጦሩ በመቶ ሺዎች አስታጥቆ፣ መጽሔቱ ሁሉ ኤም 4 እያለ ሲጽፍ ስሙ ከባለቤቱ እጅ ወጣ።

ከዚህ ፍርድ በኋላ ወታደራዊ መለኪያ የሆነ ቅርጽን አንድ ኩባንያ የራሱ ማድረግ እጅግ ከበደው። ትክክልም ነው እላለሁ። ወታደር ከአንዱ ፋብሪካ የወጣውን ዕቃ በሌላው ፋብሪካ ጠመንጃ ላይ መግጠም መቻል አለበት፤ በግብር ከፋዩ ገንዘብ ያደገ ቅርጽም የሕዝብ ነው።

ትንሹ ጥይት፣ ትልቁ መልክ

ሙግቱ ከዚያ ወዲህ ወደ ባለ .22 ጥይት መሣሪያ ዞረ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የጀርመኑ ሄክለር ኡንድ ኮኽ በ1960ዎቹ ያወጣው ኤም ፒ 5 በፖሊስ ልዩ ኃይሎችና በፊልም እጅግ ዝነኛ ሆነ። በአሜሪካ ግን ከ1986 ሕግ ወዲህ አዲስ የተሠራ አውቶማቲክ መሣሪያ ሲቪል መግዛት አይችልም። ዋናውን ያላገኘ ሰው መልኩን ይፈልጋል።

ጀርመን ስፖርት ገንስ፣ በአጭሩ ጂ ኤስ ጂ፣ ይህን ፍላጎት አየ። ጂ ኤስ ጂ 5 የተባለው ጠመንጃ ኤም ፒ 5ን ቁርጥ ነው። ከፊቱ ወፍራም የድምፅ ማፈኛ የሚመስል ነገር ተገጥሞለታል፤ ሥራው የረዘመውን አፈሙዝ መሸፈን ነው፤ ድምፅ አያፍንም። መልክ ብቻ ነው ማለት ይህ ነው። ሄክለር ኡንድ ኮኽ በ2009 በአሜሪካ ከሰሰ፤ በዚያው ዓመት ተስማሙ። ጂ ኤስ ጂ መልኩን የለወጠ ጂ ኤስ ጂ 522 የተባለ ሌላ ሞዴል አወጣ። ስምምነቱ ራሱ ግን ሌላ ክርክር ወለደና በኢንዲያና ፌዴራል ፍርድ ቤት ለዓመታት ቆየ። ጂ ኤስ ጂ፣ መጀመሪያውኑ ያ መልክ በሕግ የአንተ መሆኑን ሳታረጋግጥ ነው ያስፈራራኸኝ ብሎ መልሶ ተከራከረ።

በዚህ መሐል ሄክለር ኡንድ ኮኽ ለሌላው ጀርመናዊ ኩባንያ ለኡማሬክስ ፈቃድ ሰጥቶ፣ ስሙ የተቀረጸበት ባለ .22 ኤም ፒ 5 ገበያ ላይ ዋለ። መልክ የሚከራይ ንብረት ሆነ። በእኔ እይታ የዚህ ዘመን ትልቁ ለውጥ ይህ ነው። ኩባንያዎቹ የሚከሱት ተፎካካሪን ለማስወጣት ብቻ መሆኑ ቀርቶ የፈቃድ ገቢን ለመጠበቅም ሆነ።

ክርክሩ በየደቃቅ ዕቃውም ወርዷል። ሊፐርስ የተባለው የሚሺጋን ኩባንያ የጠመንጃ መነጽር ይሸጣል። በመነጽሩ ማስተካከያ ቁልፎች ላይ ጣት እንዳያዳልጥ የተቀረጸ ሸካራ ጥርስ አለ። ሊፐርስ የጥርሱ አቀራረጽ የእኔ መለያ ነው ብሎ፣ ቻይና ውስጥ ይሠራለት ከነበረ ፋብሪካ የወጣ ተመሳሳይ መነጽር በሚሸጥ ነጋዴ ላይ ከሰሰ። የታችኛው ፍርድ ቤት ጥርስ ለመጨበጥ ነው፤ ጥበቃ የለውም አለ። ስድስተኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2018 ይህን ሻረ። ሸካራነቱ ለመጨበጥ ነው፤ ያ የተለየ የሥዕሉ አጣጣል ግን ለዓይን ሊሆን ስለሚችል በማስረጃ ይሰማ አለ። ከኤም 4 ጋር ስናነጻጽረው ትምህርቱ ይጎላል። መላውን ጠመንጃ የእኔ ያለ ተሸነፈ፤ በሥራው ላይ ለውጥ የማያመጣ ትንሽ ምልክት ይዞ የቀረበ በሩ ተከፈተለት።

ሁሉም ግን ወደ ፍርድ ቤት አይሮጥም። ኬል ቴክ በ2003 ያወጣውን ፒ 3 ኤ ቲ የተባለ የኪስ ሽጉጥ የሚመስል ኤል ሲ ፒ በ2008 ከሩገር ሲወጣ፣ ተኳሹ ሁሉ መመሳሰሉን አይቶ አወራ። በ1988 ስለ መልኩ ከሶ የረታው ሩገር በዚህኛው ጊዜ አስመሳይ ተባለ። ጉዳዩ ግን የፍርድ ቤት ክርክር አልሆነም። በዚህ ገበያ ትናንት የተቀዳበት ዛሬ ይቀዳል።

ከተኩስ ሜዳ ውጪ

መልኩ ንብረት ከሆነ ባለቤቱ እስከ የት ይከተለዋል? እስከ መጠጥ ጠርሙስ ድረስ ተከትሏል። በ2013 የቶምሰን ጠመንጃ መብት ባለቤት የሆነው ድርጅት፣ በዚያ ጠመንጃ ቅርጽ ጠርሙስ ቮድካ የሚሸጥ ነጋዴን ቺካጎ ላይ ከሰሰ። የቪዲዮ ጌም ሠሪዎችም ለረጅም ጊዜ ለጠመንጃ ፋብሪካዎች የፈቃድ ገንዘብ ይከፍሉ ነበር። በ2013 ኤሌክትሮኒክ አርትስ ያንን ግንኙነት እንደሚያቆም፣ መሣሪያዎቹን ማሳየቱን ግን እንደሚቀጥል አስታወቀ። በ2020 የኒው ዮርክ ፌዴራል ፍርድ ቤት፣ ሃምቪ የተባለውን ወታደራዊ መኪና የሚሠራው ኤ ኤም ጄኔራል «ኮል ኦፍ ዲዩቲ» ጌም ላይ ያቀረበውን ክስ ውድቅ ሲያደርግ ጌም የፈጠራ ሥራ ነው፤ እውነታውን ለማሳየት መኪናውን መሳል ይችላል አለ።

በአሻንጉሊት በኩል ግን ነገሩ ከገንዘብ ያልፋል። ታዋቂ ሽጉጦችን የሚመስሉ፣ የፕላስቲክ ጥይት የሚተፉ መሣሪያዎች ይሸጣሉ፤ ብዙዎቹ በፈቃድ፣ የፋብሪካው ስም ተቀርጾባቸው። የአሜሪካ ሕግ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አፋቸው ላይ ብርቱካናማ ጫፍ እንዲኖራቸው ያዛል። በኅዳር 2014 በኦሃዮ ግዛት ክሊቭላንድ ከተማ አንድ የ12 ዓመት ልጅ መናፈሻ ውስጥ እንዲህ ባለ ሽጉጥ ይጫወት ነበር። ብርቱካናማው ጫፍ ተነቅሎ ነበር። የመጣው ፖሊስ በሰከንዶች ውስጥ ተኩሶ ገደለው። ከተማዋ በ2016 ለቤተሰቡ 6 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማች።

የንግድ ገጽታ ሕግ መሳሳት የሚለው ገዢ ገንዘቡን ለማይፈልገው ሰው እንዳይከፍል ነው። ጠመንጃ ሻጭ ሱቅ ውስጥ ደግሞ ያ መሳሳት ብርቅ ነው። ከ1968ቱ ሕግ ወዲህ እያንዳንዱ መሣሪያ ላይ የሠሪው ስም በብረቱ ላይ መቀረጽ አለበት፤ ገዢውም ወረቀት ሞልቶ ነው የሚገዛው። በመልክ መሳሳት ሰው የሚገድለው ከሱቅ ውጪ፣ በጎዳናና በመናፈሻ ነው። ስለዚያኛው መሳሳት የመልክ ባለቤቶች ፍርድ ቤት ሲቆሙ አላየንም።

መልኩ የተናገረው ሦስተኛው ነገር

አሁን ወደ ቡሽማስተር እንመለስ። በታኅሣሥ 2012 በኮኔክቲከት ሳንዲ ሁክ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 20 ሕፃናትና 6 አዋቂዎች ተገደሉ። ገዳዩ የያዘው የቡሽማስተር ኤክስ ኤም 15 ነበር። ቤተሰቦቹ በ2014 ከሰሱ። የ2005ቱ ፌዴራል ሕግ የጦር መሣሪያ አምራቾችን ከአብዛኛው ክስ ስለሚጠብቅ መንገዱ ጠባብ ነበር። ቤተሰቦቹ የሄዱት በክልሉ የንግድ አሠራር ሕግ በኩል ነው። ኩባንያው ይህንን ጠመንጃ ለሲቪል ያስተዋወቀው በወታደራዊ ጥቃት መልክ ነው አሉ። የኮኔክቲከት ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2019 በዚህ ነጥብ ክሱ እንዲቀጥል ፈቀደ። በ2022 የቡሽማስተር ባለቤት የነበረው የሬሚንግተን መድን ሰጪዎች 73 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ።

ሁለቱን መዝገቦች አብሮ ያነበበ የለም ማለት ይቻላል፤ እኔ ግን ነጥዬ ላያቸው አልችልም። በ2007 ጥያቄው የወታደር መልክ የማን ነው የሚል ነበር፤ የማንም አይደለም ተባለ። ያ አፈሙዝ ላይ ያለው፣ ሲቪል የማይጠቀምበት ቅጥነት በየፋብሪካው መቆረጡን ቀጠለ። በ2019 ጥያቄው ተለወጠ። መልኩ ለገዢው ምን አለው? ሠሪውን አልነገረውም፤ ሥራውንም አልነገረውም። የነገረው አንተ ወታደር ነህ የሚል ነበር፤ የሲቪል ገበያ ውስጥ ቆሞ።

ከዚህ ወዴት?

አንድ መቶ ሰባ ዓመት ያህል በሚሆን ጉዞ የታየው አቅጣጫ ግልጽ ነው። መጀመሪያ የተጠበቀው አሠራር ነበር። ቀጥሎ የሲቪል ሽጉጥ ጥላ ተጠበቀ። ከ2000 እና ከ2001 ወዲህ የማስረጃው ሸክም በከሳሽ ላይ ከበደ፤ ወታደራዊ መለኪያ የሆነ ቅርጽም ለሁሉም ተተወ። ዛሬ የሚያሸንፈው ለሥራ የማይጠቅም ትንሽ ምልክት የመረጠና በገዢ አእምሮ መታተሙን በማስረጃ ያሳየ ነው። ነገ ግሎክ አስመሳዮቹን በመልክ ቢከስ፣ ዳኛው ያለቁትን ፓተንቶች አንድ በአንድ ማስዘርጋቱ አይቀርም።

ነገሩ ከእኛም ሩቅ አይደለም። የኢትዮጵያ የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የዕቃን ወይም የመያዣውን ቅርጽ ከንግድ ምልክት ይቆጥራል። ነገ አዲስ አበባ ላይ ስለ ጠርሙስ ወይም ስለ ሳሙና ቅርጽ የሚከራከር ጠበቃ፣ ቅርጹ ስለ ሠሪው ነው ወይስ ስለ ሥራው የሚለው ጥያቄ ይጠብቀዋል።

ስለ ጦር መሣሪያ ግን የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው። አንድ ኩባንያ ፍርድ ቤት ቆሞ ይህ መልክ በሰው አእምሮ ውስጥ እኔን ያስታውሳል፣ ለዚህም ዓመታት ደክሜበታለሁ፣ ስለዚህ የእኔ ነው ካለ፣ በዚያው መልክ የተሠራ አሻንጉሊት ሕፃን እጅ ሲገባም ባለቤትነቱ አብሮት ሊሄድ ይገባል። ፈቃድ ሲከራይ ገንዘቡን እንደሚቀበል ሁሉ፣ ያ አሻንጉሊት ከሩቅ ከእውነተኛው እንዲለይ በውሉ ውስጥ ማስገደድ ይችላል፤ በቀለሙ፣ በመጠኑ፣ ሊነቀል በማይችል ጫፍ። የመልክ ባለቤት የሆነ ወገን ይህን ለማድረግ አዲስ ሕግ መጠበቅ አያስፈልገውም። በእያንዳንዱ የፈቃድ ውል ላይ የሚፈርመው እሱ ነው።